ከመሬት በታች የተደረገ ፍንዳታ ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚለየው እንዴት ነው? ኃይሉስ በምን ይሰላል?

የፊዚክስ አስተማሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ተማሪዎቼ ስለ ርዕደ መሬት ሞገዶች የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ከመማሪያ መጽሐፉ አልፈው ሄደዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ሁለቱ በቂ ማብራሪያ የሚሹ ስለሆኑ ዕውቀቱ ላላችሁ ሰዎች አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛው ይህ ነው። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 በፑንግዬ-ሪ የሙከራ ቦታ፣ ከማንታፕ ተራራ ሥር፣ የኒውክሌር ቦምብ ስታፈነዳ፣ አገሪቱ ራሷ መግለጫ ከመስጠቷ በፊት የሌሎች አገሮች ተቋማት የተመዘገበው ነገር ፍንዳታ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረው ነበር። በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ መሣሪያ የሚመዘግበው የመሬቱን መወዛወዝ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መወዛወዙ ከተፈጥሮ የመጣ አለመሆኑ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩን የሚመለከት ነው። ለዚያው ለአንዱ ፍንዳታ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መጠኑን (ማግኒቲዩዱን) 6.3፣ ቪየና የሚገኘው የሁሉን አቀፍ የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት ድርጅት 6.1፣ የደቡብ ኮሪያ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት 5.7 ሰጥተውታል። የኃይሉ ግምት ደግሞ ከዚህም በላይ ተራርቋል፤ ደቡብ ኮሪያ 50 ኪሎ ቶን ገደማ (አንዱ ኪሎ ቶን የሺህ ቶን ቲ.ኤን.ቲ. ፈንጂ ጉልበት ነው) ስትል፣ ጃፓን በ70 ጀምራ ወደ 160 ከፍ አደረገችው። ይህን ያህል ልዩነት ያለው ስሌት እንደ ሳይንስ ሊታመን የሚችለው እንዴት ነው?

ሞገድ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው፤ ስለ ስሌቱ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ አሉ።

መነሻው የሁለቱ ክስተቶች አፈጣጠር መለያየት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈጠረው ለረጅም ጊዜ ጫና ሲጠራቀምበት የቆየ አለት በአንድ የስብራት ገጽ ላይ ድንገት ሲንሸራተት ነው። በስብራቱ ግራና ቀኝ ያሉት አለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ፒ ሞገድ በአንዳንድ አቅጣጫ ያሉ ጣቢያዎችን ሲገፋ በሌላ አቅጣጫ ያሉትን ይስባል። ፍንዳታ ግን ዙሪያውን ያለውን አለት በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ በየትኛውም ጣቢያ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ ላይ መሆን ይገባዋል። በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚጠቀሰው ይህ ነው። በተግባር ግን አነስተኛ ክስተት ሲሆን ያ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ በነፋስ፣ በባሕር ማዕበልና በመኪና ጫጫታ ስለሚዋጥ ብቻውን አያስተማምንም።

ከዚህ የበለጠ የሚያገለግለው የፒ እና የኤስ ሞገዶች ንጽጽር ነው። ኤስ ሞገድ አለቱን ወደ ጎን የሚያንሸራትት ሞገድ በመሆኑ በስብራት ላይ የሚፈጠር መንቀጥቀጥ ብርቱ ኤስ ይልካል፤ ፍንዳታ በአንጻሩ ፒው የጎላ፣ ኤሱ የደከመ ምዝገባ ይተዋል። ከፑንግዬ-ሪ በስተሰሜን 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቻይና ውስጥ፣ ሙዳንጂያንግ በሚባል ስፍራ ያለው ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 2006 የመጀመሪያ ሙከራ ጀምሮ ይህን ንጽጽር በግልጽ አሳይቷል። ልዩነቱ የሚጎላው በሰከንድ ብዙ ጊዜ በሚወዛወዘው የሞገዱ ክፍል ስለሆነና ያ ክፍል ሩቅ ሳይሄድ ስለሚደክም፣ ለአነስተኛ ፍንዳታ ቅርብ ጣቢያ ማግኘት ትልቅ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው መለያ ጥልቀት ነው። በምድር ላይ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ሁሉ ጥልቁ የሆነው በሩሲያ የኮላ ጉድጓድ 12,262 ሜትር ነው፤ የኒውክሌር ሙከራዎች ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ጥልቀት የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ መነሻው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ወደ ታች መሆኑ የተረጋገጠ ክስተት ወዲያውኑ ከጥርጣሬ ይወጣል። ጥልቀቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ግን ይህ መንገድ አይረዳም።

ቀደም ባሉት አሠርት ዓመታት ባለሙያዎች ከሁሉ አብልጠው የሚተማመኑበት አንድ ሌላ ዘዴ ነበር፤ እርሱም በምድር ውስጥ በሚያልፈው ሞገድ የተለካውን መጠን በምድር ገጽ ላይ ከሚሄደው ዘገምተኛ ሞገድ መጠን ጋር ማነጻጸር ነው። ፍንዳታ ለውስጥ ሞገዱ ካለው ብርታት አንጻር የገጽ ሞገዱ ደካማ ነው። የሚያስደንቀው ግን የሰሜን ኮሪያ የ2006 እና የ2009 ሙከራዎች ከተጠበቀው በላይ የገጽ ሞገድ በመስጠታቸው ከመለያው መስመር ላይ ሊደርሱ ተቃርበው ነበር፤ በዚህም ምክንያት መስመሩ ራሱ እንደገና ተሻሽሏል። የፒ እና የኤስ ንጽጽር ባይኖር ኖሮ በእነዚያ ሁለት ሙከራዎች ላይ የተደረሰው መደምደሚያ እንዲያ ጠንካራ ባልሆነ ነበር። አንድ መለያ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም የምንለው ለዚህ ነው።

የ2017ቱ ሙከራ ደግሞ ለክፍል ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር ጨምሮልናል። ከፍንዳታው ስምንት ደቂቃ ተኩል በኋላ በዚያው ቦታ መጠኑ 4.1 ገደማ የሆነ ሁለተኛ ክስተት ተመዘገበ። የሞገዱ ጠባይ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነበር፤ አለቱ ወደ ውጭ ከመገፋት ይልቅ ወደ ውስጥ ተስቧል። ፍንዳታው የፈጠረው ክፍተት መደርመሱን ያመለክታል። ከሳተላይት የራዳር ምስሎችም የማንታፕ ተራራ ገጽ እስከ 3.5 ሜትር ወደ ጎን መገፋቱና ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች መስመጡ ታይቷል።

የአዋሽ ፈንታሌው ሁኔታ ከዚህ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጉልህ ነው። እዚያ ለሳምንታት የቀጠሉ እጅግ ብዙ ንዝረቶች ነበሩ፤ ከትልልቆቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 የተመዘገበው 5.7 ነው። የስምጥ ሸለቆው መሬት ሲሳሳብና ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ ሲገባ የሚጠበቀው እንዲህ ያለው ተከታታይነት ነው።

የጂኦፊዚክስ ተመራቂ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልቀበል። መምህር የጠቀሷቸው ቁጥሮች የተራራቁ ቢመስሉም በአንድ ቀመር ውስጥ ሲገቡ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ።

በጠንካራ አለት ውስጥ ለተደረገ ፍንዳታ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቀመር፣ መጠኑ ከ4.45 እና ከ0.75 ጊዜ የኪሎ ቶኑ ሎጋሪዝም ድምር ጋር እኩል ነው የሚለው ነው። ቀመሩ የተገኘው በካዛኽስታን ከሚገኘው ከቀድሞው የሶቪየት ኅብረት የሰሚፓላቲንስክ የሙከራ ቦታ ነው። 5.7 ብታስገቡበት 46 ኪሎ ቶን ገደማ ይሰጣችኋል፤ ይህ ደቡብ ኮሪያ ካወጣችው ግምት ጋር የተቀራረበ ነው። 6.1 ብታስገቡ 158 ይወጣል፤ ይህም ጃፓን በመጨረሻ ካወጀችው 160 ጋር ይገጥማል። 6.3 ደግሞ ወደ 290 ይወስዳችኋል። ሎጋሪዝም በመሆኑ በመጠኑ ላይ የ0.2 ልዩነት በኃይሉ ላይ እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ የተቋማቱ ልዩነት በዋናነት የተነሣው በየትኞቹ ጣቢያዎች፣ በየትኛው ዓይነት ሞገድና በየትኛው የመጠን መለኪያ እንደ ለኩ ከመለያየታቸው ነው። የቪየናው ድርጅት መጠኑን እንጂ ኪሎ ቶኑን በይፋ የማያወጣ መሆኑንም ልብ ይሏል።

ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው ችግር ይበልጣል፤ ቀመሩ ራሱ እንደ ቦታው ይለያያል። በአሜሪካ የኔቫዳ የሙከራ ቦታ የተገኘው ቀመር በ3.92 ይጀምርና 0.81 ጊዜ የኪሎ ቶኑን ሎጋሪዝም ይጨምራል። በሁለቱም 150 ኪሎ ቶንን አስሉ፤ ለኔቫዳ 5.7 ገደማ፣ ለሰሚፓላቲንስክ 6.1 ገደማ ታገኛላችሁ። ያው ቦምብ፣ ነገር ግን የ0.4 ልዩነት! ምክንያቱ ከፍንዳታው በታች ያለው ማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር፣ ነው። ከኔቫዳ ሥር ያለው ማንትል ሞቃት በመሆኑ የሞገዱን ጉልበት ይውጣል፤ ከሰሚፓላቲንስክ ሥር ያለው ግን ጥንታዊ፣ ቀዝቃዛና ጠጣር ስለሆነ ሞገዱን ብዙም ሳያደክም ያሳልፈዋል።

ይህ ጉዳይ የምርምር ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረሙት ስምምነት ከ150 ኪሎ ቶን የሚበልጥ የከርሰ ምድር ሙከራ ላለማድረግ ተስማምተው ነበር። ከዚያ በኋላ በሰሚፓላቲንስክ የሚመዘገቡት መጠኖች ከ6 ማለፍ ሲጀምሩ፣ በኔቫዳው ቀመር ሳያርሙ ያነበባቸው ሰው ከ400 ኪሎ ቶን በላይ የሆነ ጥሰት ይታየዋል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ስምምነቱን ሳትጥስ እንዳልቀረች በይፋ ሲከስ፣ እንደ ሊን ሳይክስ ያሉ የርዕደ መሬት ሊቃውንት የማንትሉ ልዩነት በሚገባ ከታሰበበት መዝገቦቹ ጥሰትን እንደማያሳዩ አጥብቀው ተከራከሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለቱ አገሮች አንዳቸው በሌላው የሙከራ ቦታ ተገኝተው እንዲለኩ ተስማሙ፤ በኦገስት ወር ኔቫዳ ላይ፣ በሴፕቴምበር ወር ሰሚፓላቲንስክ ላይ የጋራ ሙከራ ተደረገ። ስምምነቱም በ1990 ጸድቆ ሥራ ላይ ዋለ። በእኔ ግምት ከዚህ ሙያ ታሪክ ሁሉ እጅግ የከበረው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከመሬት በታች ያለ የአለት ጠባይ በትክክል አለመታወቁ አንድን መንግሥት በሐሰት እስከ መወንጀል ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ አሳይቷል።

ስለዚህ መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ቁጥሩን ሲነግሯቸው ከነስሕተት ወሰኑ እንዲነግሯቸው እመክራለሁ። ለፑንግዬ-ሪ፣ የቦምቡ ጥልቀትና የአለቱ ዓይነት በትክክል ሳይታወቅ፣ «ከ100 እስከ 250 ኪሎ ቶን» ማለት ከ«160» ይልቅ ሐቀኛ መልስ ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ቀመሮች ለሎጋሪዝም ትምህርት ራሱ ሊሆኑኝ ነው።

አንድ ተከታይ ጥያቄ ግን አለኝ። አንድ አገር ፍንዳታውን ሆን ብሎ ቢደብቀውስ? ለምሳሌ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ቢያደርገው፣ ወይም ከማዕድን ቁፋሮ ፍንዳታ ጋር ቢያመሳስለው?

የማዕድን መሐንዲስ

በድንጋይ ካባና በማዕድን ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን እኔ ልመልስ።

ስለ ዋሻው ያነሡት አሳብ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጄኔቫ የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ድርድሮች ላይ ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነው። ቦምቡ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲፈነዳ ዙሪያውን ያለውን አለት ያደቅቃል፤ ጉልበቱም በቀጥታ ወደ አለቱ ይተላለፋል። በሰፊ ባዶ ክፍተት መካከል ቢፈነዳ ግን ግፊቱ ግድግዳው ላይ እስኪደርስ ስለሚላላ አለቱ ሳይደቅ ተለጥጦ ይመለሳል፤ የሚወጣውም ሞገድ እጅግ ይደክማል። አሜሪካ ይህን በተግባር ፈትናዋለች። በኦክቶበር 1964 በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ በሃቲስበርግ ከተማ አቅራቢያ፣ በጨው አለት ውስጥ 828 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳልመን የተባለ የ5.3 ኪሎ ቶን ቦምብ ፈነዳ፤ በዲሴምበር 1966 ደግሞ ሳልመን በፈጠረው ክፍተት ውስጥ ስተርሊንግ የተባለ የ380 ቶን ቦምብ ተደረገ። የስተርሊንግ ሞገድ በጠባብ ጉድጓድ ቢደረግ ይሰጥ ከነበረው በ70 ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

70 ጊዜ ማነስ በመጠን መለኪያው ሲታይ ወደ 1.8 ዝቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ በጠንካራ አለት 4.4 ይሰጥ የነበረ የአንድ ኪሎ ቶን ፍንዳታ ወደ 2.6 ይወርዳል። አስጊ ይመስላል፤ ነገር ግን በሥራው ያለፈ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ቶንን በሙሉ ለመደበቅ 25 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ባዶ ክፍተት፣ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር በተጠጋ ጥልቀት፣ ሳይደረመስ መቆየት አለበት፤ የወጣው በአሥር ሺዎች ሜትር ኪዩብ የሚቆጠር አለትም የት ሄደ የሚባል ጥያቄ አለ። ጨው ከሆነ በውኃ አሟሙቶ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ወፍራም የጨው አለት በሁሉም አገር አይገኝም። ኃይሉ ከፍ ባለ ቁጥርም የሚያስፈልገው ክፍተት አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ዘዴው ለትንንሽ ሙከራ እንጂ ለ2017ቱ ዓይነት ፈጽሞ አይሆንም።

ከማዕድን ፍንዳታ ጋር ማመሳሰሉን በተመለከተ፣ እኛ በካባ ላይ ድማሚቱን በአንድ ቅጽበት አናፈነዳም። ጉድጓዶቹን በረድፍ ቆፍረን እያንዳንዱን ከጎረቤቱ በሺዎች የሚከፈል የሰከንድ ክፍልፋይ እያዘገየን እናፈነዳቸዋለን፤ አለቱ በደንብ የሚሰባበረውና በአካባቢው ያሉ ቤቶች የማይጎዱት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ተከታታይነት በምዝገባው ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም አሻራ ስለሚተው ከአንድ ነጠላ ፍንዳታ ይለያል። ትልልቅ የማዕድን ፍንዳታዎች ደግሞ በቀን ሰዓት፣ በታወቀ ቦታ፣ በምድር ገጽ ላይ ስለሚደረጉ ለመለየት አያዳግቱም።

በተቃራኒው ያለውን አደጋም አንርሳ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1997 በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኖቫያ ዜምሊያ የሙከራ ቦታ አቅራቢያ፣ መጠኑ ከ3 ጥቂት ያለፈ ክስተት ተመዝግቦ አሜሪካ ውስጥ ሩሲያ በድብቅ ሙከራ አደረገች የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ምዝገባዎቹ በጥንቃቄ ሲመረመሩ ግን ቦታው ከሙከራ ቦታው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በካራ ባሕር ሥር ነበር፤ ከአራት ሰዓት ያህል በኋላም አነስተኛ ንዝረት ተከትሎታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር።

አሮጌው ጣቢያ

ሁለት ነገር ልጨምር፤ አንዱ ስለ ሞገዱ ወሰን፣ ሌላው ስለ አገራችን ድርሻ ነው።

የርዕደ መሬት ሞገድ ፍንዳታ መሆኑን ይናገራል እንጂ ኒውክሌር መሆኑን አይናገርም። በሴፕቴምበር 1993 ኔቫዳ ላይ ከአንድ ኪሎ ቶን በላይ ጉልበት ያለው ተራ የኬሚካል ፈንጂ በዋሻ ውስጥ ሆን ተብሎ ሲፈነዳ፣ የሰጠው ሞገድ ቀደም ሲል በአቅራቢያው ከተደረጉት የኒውክሌር ሙከራዎች ሞገድ የሚለይበት ነገር አልተገኘም። ለዚህ የሚያስፈልገው አየሩን ማሽተት ነው። የኒውክሌር ፍንዳታ ከሚፈጥራቸው ነገሮች መካከል ራዲዮአክቲቭ ዜኖን የተባለው ጋዝ ከማንኛውም ማዕድን ጋር ስለማይዋሐድ በአለቱ ስንጥቅ በኩል ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ከ2006ቱ የሰሜን ኮሪያ ሙከራ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የዜኖኑ ምልክት ካናዳ ውስጥ የሎውናይፍ ድረስ ተገኘ፤ በ2013ቱ ደግሞ ከ55 ቀናት በኋላ ጃፓን ውስጥ ታካሳኪ ላይ ታየ። ከ2009ኙ ሙከራ ግን ምንም አልተገኘም፤ ተራራው አምቆ አስቀርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ለፊርማ የቀረበው የሁሉን አቀፍ እገዳ ስምምነት 321 ጣቢያዎችን ከርዕደ መሬት፣ ከባሕር ውስጥ ድምፅ፣ ሰው ከማይሰማው የአየር ድምፅና ከራዲዮአክቲቭ መለኪያ አጣምሮ ያቀደው ለዚህ ነው። ቦታው ድረስ ሄዶ የመፈተሽ መብት ደግሞ ስምምነቱ በሥራ ላይ ሲውል ብቻ የሚገኝ ነው፤ እስከ ዛሬ አልዋለም፤ አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችም፣ ሩሲያም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። ይህ በእጅጉ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1963ቱ የሞስኮ ስምምነት በአየር፣ በውኃ ውስጥና በጠፈር የሚደረጉ ሙከራዎችን ሲያግድ የከርሰ ምድሩን የተወው ዋና ምክንያት ቁጥጥሩ ላይ መስማማት ስላልተቻለ ነው። አሜሪካ ይህን የቁጥጥር ክፍተት ለመሙላት ተመሳሳይ መሣሪያ ያላቸውን ወደ 120 የሚጠጉ ጣቢያዎች በዓለም ዙሪያ ስትዘረጋ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ያ መረብ ፍንዳታን ለመከታተል ተዘርግቶ፣ የርዕደ መሬቶችን ቦታና የአለቶችን መንሸራተት አቅጣጫ በትክክል በማሳየቱ የምድር ንጣፎች እንደሚንቀሳቀሱ ለማረጋገጥ ታላቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ዛሬም የአገራችን የፉሪ ጣቢያ በእገዳ ስምምነቱ ሰነድ ላይ ከረዳት የርዕደ መሬት ጣቢያዎች መካከል ተጠቅሷል።

ለመምህር አንድ የክፍል ሥራ ልጠቁም። የ2017ቱ ፍንዳታ የተደረገው በዓለም አቀፍ ሰዓት 3፡30 ከ1 ሰከንድ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 መሆኑ ነው። ከፑንግዬ-ሪ እስከ አዲስ አበባ በምድር ገጽ ላይ ሲለካ ወደ 9,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፒ ሞገዱ ግን የማንትሉን ታችኛ ክፍል አቋርጦ ስለሚመጣ ይህን መንገድ በ12 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ተማሪዎችዎ የሞገዱን አማካይ ፍጥነት መጀመሪያ በገጹ ርቀት፣ ቀጥሎ ምድርን ሰንጥቆ በሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር ያስሉት፤ ከዚያም ሁለቱን መልሶች ቅርፊቱ ላይ ካለው የፒ ሞገድ ፍጥነት፣ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነው፣ ጋር አስተያይተው ሞገዱ ጠልቆ ሲሄድ ለምን እንደሚፈጥን ይጠይቋቸው።